አሰገደችን አላስገባም ያለው ገጽ

ጠጋ በሉማ፣ ላጫውታችሁ። አሰገደች የምትባል ፀጉሯ የሸበተ ልብስ ሰፊ ነበረች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሟች ታላቅ እህቷን የጥሩወርቅን ድምፅ መስማት። ጎሬ አብረው በተማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ሁለቱም የነበሩበት የዘፈን ቡድን የተቀዳበት ካሴት ተገኝቶ፣ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ድረ ገጽ ላይ ወጥቷል አሏት። የሚሰማው ግን አባል የሆነ ብቻ ነው።

ልትመዘገብ ስልኳን ብትከፍት ገጹ «ትምህርት የጨረሱበትን ዓመት ያስገቡ» አለ። እሷ ደግሞ እናቷን ልታስታምም አቋርጣ ወጥታለች። ብትሞክር፣ ብትሞክር፣ ገጹ አላስገባ አለ።

ገጹን ወደሚሠራው ወደ ኢዮስያስ ሄደች። «ልጄ፣ ገጹ አላስገባ አለኝ፤ እሺ አሰኝልኝ።»

«ቀላል ነው እማማ። መመዝገቢያው ተጨማሪ ትእዛዝ፣ ኮድ የምንለው፣ የሚሰቀልበት መንጠቆ አለው። ትንሽ ኮድ ብሰቅልበት፣ ላልጨረሰ ሰው ዓመቱን ትቶ እዚያ መማሩን የሚመሰክርለትን ሰው ስም ይጠይቃል። ግን የማኅበሩ ሊቀመንበር ሳያዙ አልሰቅልም።»

ወደ ሊቀመንበሩ ሄደች። «ጋሼ፣ ኢዮስያስ አልሰቅል አለ፣ ገጹ አላስገባ አለ፤ እባክዎ ይዘዙልኝ።»

«እዚያ መማርዎን የሚመሰክር ሳይኖር አላዝም።»

ወደ ድሮዋ የመኝታ ቤት ኃላፊ ወደ እትዬ ድንቅነሽ ሄደች። አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ጠፍቷል። «እትዬ፣ ሊቀመንበሩ አላዝም አሉ፣ ኢዮስያስ አልሰቅል አለ፣ ገጹ አላስገባ አለ፤ እርስዎ ይመስክሩልኝ።»

«አይቼ እንድለይሽ ዓይን የለኝም። ከእህትሽ ጋር የምትዘፍኑትን ዝፈኝልኝ፤ ድምፅሽን ሳልሰማ አልመሰክርም።»

አሁንስ ወደ ማን ትሂድ? ጥሩወርቅ ከሞተች ወዲህ ዘፍና አታውቅም። «ጉሮሮዬ አልዘፍን አለ፣ እትዬ አልመሰክር አሉ፣ ሊቀመንበሩ አላዝም አሉ፣ ኢዮስያስ አልሰቅል አለ፣ ገጹ አላስገባ አለ» ብላ አለቀሰች።

እትዬ ድንቅነሽ እጇን በዳበሳ ያዙ። «ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ትፈሪ ነበር። ጥሩወርቅ አልጋዋን ጥላ እየመጣች በጆሮሽ ታንጎራጉርልሽ ነበር። ትዝ ይልሻል?»

ትዝ አላት።

ያኔ ጉሮሮዋ ዘፈነ፤ ጉሮሮዋ ሲዘፍን እትዬ መሰከሩ፤ እትዬ ሲመሰክሩ ሊቀመንበሩ አዘዙ፤ ሊቀመንበሩ ሲያዙ ኢዮስያስ ኮዱን ሰቀለ፤ ኮዱ ሲሰቀል ገጹ «እንኳን ደህና መጡ» አለ።

ካሴቱ ተንሿሿ። ከዘፈኑ በፊት የልጃገረዶች ጫጫታ፣ ከጫጫታው መሃል የጥሩወርቅ ድምፅ፦

«ኧረ ቆዩ! አሰገደች ሳትመጣ አንጀምርም!»

አሰገደች ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«መጣሁ እታለም፤ ይኸው መጣሁ።»