ሰማንያ የሚያሳየው ቆጣሪ

በቡታጅራ ጋራዦች አካባቢ፣ አንድ ሰው ስለ ራሱ ሲያበዛ የሚወረወርበት አባባል አለ። ነገሩ የጀመረው በምስጋና ነው።

የሾፌሩ የደምሰው አሮጌ መኪና ካምቢዮዋ ተበላሸና መካኒኩ ሽኩር ከሌላ መኪና የወጣ ካምቢዮ ገጠመለት። ደምሰው አንድ ዙር ነድቶ ተመለሰ፤ ሽኩርንም ከነግራሶው አቀፈው።

"ነፍስ ዘራህባት! ሰማንያ ስትገባ እኮ አልታወቀኝም!"

ሽኩር ደምሰው የሚያሾፍበት መሰለው። "አትቀልድብኝ። የፍጥነት ቆጣሪው ከካምቢዮው ጋር እንዳልተስማማ ሳልነግርህ ነው ይዘሃት የወጣኸው። ሽቦውን የምታዞረው ባለጥርስ ትንሽ ብረት መቀየር አለባት። አሁን ሰማንያ ሲልህ ከአርባ ብዙም አታልፍም። ነገ አምጣት።"

"የሚሮጥ ነገር ምኑ ይጠገናል?" ብሎ ደምሰው ሄደ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ቀጠሮ ነበረው። የሚወዳት የእልፍነሽ አባት ጋሽ ሳህሌ ሰዓት አክባሪ ናቸው። "ከአራት ሰዓት በኋላ የመጣ ሽማግሌ በሬን አያንኳኳ" ብለው አስቀድመው ልከዋል። ሌላ ጠያቂ እንዳለም ይወራል። መንገዱ አርባ ኪሎ ሜትር ነው። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው ማልደው ቢመጡም፣ ደምሰው "በሰማንያ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ቁርስ ቅመሱ እንጂ" ብሎ ክትፎ አዘዘላቸው።

ሲነሡ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆነ። ከሽማግሌዎቹ ከፊት የተቀመጡት፣ አባባ ንዳ የሚባሉት፣ መኪና ይፈራሉ፤ ዐይናቸውን ከቆጣሪው አልነቀሉም።

"ኧረ ሰማንያ ገባ! ቀንስ ልጄ፤ ለሠርግህ እንጂ ለቀብራችን አልጠራኸንም!"

"አባባ፣ ይረፍድብናል።"

"ከሃምሳ ካለፍክ እወርዳለሁ!"

ሽማግሌ ማስቀየም አይቻልምና ቀነሰ። ሊደርሱ ሲቃረቡ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ጭድ የጫነ የፈረስ ጋሪ ከኋላ መጥቶ አጠገባቸው ደረሰ።

"ተበላሸባችሁ እንዴ?" አለ ባለጋሪው። "ገመድ አለኝ፤ ልጎትታችሁ?"

"በሃምሳ እየነዳሁ?" ደምሰው ጮኸ። ጋሪው አልፏቸው ሄደ።

አባባ ንዳ ጋሪውን አዩ፤ መልሰው ቆጣሪውን አዩ። "ይሄ ፈረስ ታዲያ በስንት ነው የሚሄደው?"

ሲደርሱ አምስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጋሽ ሳህሌ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ባለጋሪው አጠገባቸው ጭድ ያወርዳል።

"ጋሽ ሳህሌ፣ በሰማንያ ነው የተነሣነው!" አለ ደምሰው በመስኮት፣ ሽማግሌዎቹ ገና ሳይወርዱ።

"እነዚህን እኔ ነኝ የቀደምኳቸው" አለ ባለጋሪው በትሕትና። "የቆሙ መስሎኝ ነበር።"

ከውስጥ የሴት ልጅ ሳቅ ተሰማ። ጋሽ ሳህሌ ግን አልሳቁም።

"ሽማግሌ አይረፍድበትም፤ ሽማግሌ ያመጣ ደግሞ ራሱ አይናገርም። ዛሬ ሁለቱንም አጥፍታችኋል። የዛሬ ሳምንት በሰዓቱ ከመጣችሁ እሰማችኋለሁ።"

ሰኞ ማለዳ ጋራዡ ሳይከፈት ደምሰው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሽኩር ትንሿን ብረት ቀየረና ቆጣሪውን ከመንገዱ ጋር አስታረቀ። እሑድ ዕለት ሽማግሌዎቹ ቁርስ ሳይቀምሱ ተነሥተው፣ ጋሽ ሳህሌ ፊታቸውን ታጥበው ሳይጨርሱ ደረሱ። እልፍነሽም ተፈቀደች። የሠርጉ ቀን ሙሽሮቹን ለመመረቅ የተነሡት አባባ ንዳ ደምሰውን አየት አድርገው እንዲህ አሉ፦ "ቆጣሪ ቢሮጥ፣ ከጎማ አይበልጥ።"