የእድሩ ድስትና የመስታወቱ ምድጃ

አንዲት ባለጸጋ ወይዘሮ አንዲት ወጥ ሠሪ በደለች። በደሏም የራሷን ጥፋት በሴትዮዋ እጅ ላይ ማላከኳ ነው።

ወይዘሮ የውብዳር የልጇን ምርቃት ልትደግስ ፊቱ መስታወት የሆነ አዲስ የኤሌክትሪክ ምድጃ አስገባች። ዶሮ ወጡን እንድትሠራላትም ማንያህልሻልን ጠራች። ማንያህልሻል እንጀራዋ እጇ ነው፤ የእጇ ስም ከጠፋ የሚጠራት የለም።

ድስቱ እንደ ደንቡ ከእድር መጣ። ሲሞላ ሁለት ሰው የሚሸከመው፣ በማገዶ የጠቆረ፣ ጉልቻ ላይ ኖሮ ቂጡ ያበጠ ብረት ድስት። ማንያህልሻል ድስቱን አየች፤ ምድጃውን አየች።

«እትዬ፣ ይሄ የጉልቻ ድስት ነው፤ እዚህ ላይ ይወዛወዛል። ከማሞቂያውም እጥፍ ይሰፋል። ወይ ግቢ ውስጥ ጉልቻ ልጎልት፣ ወይ ቂጣቸው ጠፍጣፋ የሆነ ትንንሽ ድስቶች ይስጡኝና ከፋፍዬ ልሥራው።»

«ጭስ? በዚህ ቤት? አዲሱን ግድግዳ ጥላሸት ልትቀቢልኝ! ዝም ብለሽ ጣጂው፤ ምድጃው ካንቺ በላይ ያውቃል።»

ጣደችው። ሽንኩርቱ መሃሉ አረረ፣ ዳሩ ጥሬ ቀረ። ወጡ መንተክተክ ሲጀምር ማማሰያዋን አስገባች፤ ድስቱ ዘመመ፣ መስታወቱ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ፣ ትኩሱ ወጥ ክንዷ ላይ ፈሰሰ። ቆዳዋ እስከ ክርኗ ተላጠ። ወይዘሮዋ ግን ሮጣ ያየችው ምድጃውን ነው!

በማግስቱ «እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ድግስ እንዳትሰጧት» ብላ ሰፈሩን አዳረሰች። ሰውም አመነ፤ የድግሱ ባለቤት ወሬ ነዋ። ሁለት ወር ሙሉ ማንያህልሻልን የጠራ ቤት አልነበረም።

እኔን የሚያበግነኝ የድስቱ መዝመም አይደለም። አስቀድማ ያስጠነቀቀችው ጥፋተኛ፣ አልሰማም ያለችው ተበዳይ ተብላ መቀመጧ ነው። ዕቃ መግዛት ዕቃውን ማወቅ አይደለም። የሚያውቀውን ሰው አፍ ዘግቶ ያዘዘ፣ የሚመጣውንም ራሱ ይቀበል እንጂ በታዛዡ ላይ አይለጥፍ።

የእድሩ ስብሰባ ቀን ደረሰ። ማንያህልሻል ክንዷን እንደጠቀለለች ገባች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልትደፊ መጣሽ?» አለች ወይዘሮ የውብዳር። የተሰበሰቡት ሴቶች ሳቁ።

ማንያህልሻል ባዶውን ድስት በደህና እጇ ከዕቃ ቤት እየጎተተች አመጣችና ልሙጡ ሲሚንቶ ላይ አቆመችው። ከዚያ በአንድ ጣቷ ነካ አደረገችው። ድስቱ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ ተንኳኳ። የሳቁትም አንገታቸውን ደፉ።

ያን ጊዜ እንዲህ አለቻት፦

«እትዬ የውብዳር፣ ለዚያ ምድጃ ቂጡ ጠፍጣፋ፣ ስፋቱ ልክ የሆነ ድስት ያስፈልጋል ብዬ ነግሬዎት ነበር። ምድጃዎን ይለውጡታል፤ የእኔም ክንድ ቆዳ ያወጣል። አሁን ግን ስሜን ባጠፉበት አፍዎ፣ በእነዚሁ በሳቁት ሰዎች ፊት፣ የተንቀጠቀጠው ድስቱ ነው ይበሉ!»