አምስተኛው እግር

አንድ ጊዜ፣ ወንዙ ደርቆ አራዊቱ ሁሉ ተራራውን ተሻግረው ወደ ሐይቁ ሊሰደዱ ባሰቡበት በጋ፣ ሦስት እግር ብቻ የቀራት አንዲት አህያ ነበረች። አራተኛውን አያ ጅቦ በልቶባታል። ያን ዕለት ባሏ አጠገቧ ነበር፤ ግን «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይባል የለ? እግሬ አውጪኝ ብሎ ሸሸ። እሷ ተራግጣ ነፍሷን ብታተርፍም አንዱን የፊት እግሯን ከጉልበት በታች አጣች። አሁን ሌላው ሁሉ ለመንገድ ሲነሣ እሷ ከደረቀው ወንዝ ዳር መቅረቷ ነው። እዚያ መቅረት ደግሞ ለአያ ጅቦ እራት መሆን ነበር።

ጭንቀቷን እመት ጦጢት ሰማች። ጦጢት ጣቶቿ ሥራ መፍታት የማይወዱ፣ ከልጥ ገመድ፣ ከቅል መቅጃ የምታወጣ ባለሙያ ናት። ቢሆንም መጥታ ወዲያው እንጨት አልቆረጠችም። ከአህዪት ፊት ቁጢጥ ብላ፦

«እስቲ ተራመጂልኝ፣ እህቴ» አለቻት።

«በምኔ ልራመድ? እያየሽኝ!»

«እንደሆነልሽ። የት ላይ እንደሚያምሽ ልይ።»

አህዪት እያነከሰች ዳገቱን ሞከረችው፤ ቁልቁለቱንም፣ አሸዋውንም። ጦጢት ከሥር ከሥሯ እየተከተለች አየች።

«እስከ ዛሬ ሁሉም ‹አይዞሽ› ይለኛል እንጂ የት እንደሚያመኝ የጠየቀኝ የለም» አለች አህዪት፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ።

ከዚያ በኋላ ጦጢት ከወይራ እንጨት እግር ጠረበች። የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ አንሸራተተ፤ ሁለተኛው አሸዋ ውስጥ ሰጠመ። «ጥፋቱ የእንጨቱ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም» እያለች እንደገና ጠረበች። ጫፉን እንደ ግመል ኮቴ ሰፋ አደረገችው። ቁስሉ የሚያርፍበትን ቦታ በላባ አለሰለሰችው። ማሰሪያውንም አህዪት ራሷ በጥርሷ እንድትፈታውና እንድታስረው አድርጋ ሠራችው።

«እኔ በሌለሁበት ቀን እኔን መጠበቅ የለብሽም» አለቻት።

እንዲህ ያለ ሙያ ይባረክ! አህዪት ሮጠች፤ ዘለለች፤ ሸለቆው እስኪያስተጋባ አናፋች። ይህን ያዩ ሁሉ ወደ ጦጢት ዛፍ ይጎርፉ ጀመር። ጆሮው ለደከመው ከርከሮ ድምፅ የሚያቀርብ ቀንድ ሠራችለት፤ ክንፏ ለተሰበረባት ቆቅ ደግሞ መደገፊያ። ማንም ቢመጣ መጀመሪያ የምትለው ያንኑ ነበር፦ «እስቲ አሳየኝ።»

ይህን ሁሉ ከቁጥቋጦ ሥር ሆነው የሚያዩ ሁለት ነበሩ፤ አያ ጅቦና ቀበሮ።

«አየህ፣ አያ ጅቦ» አለ ቀበሮ፣ «በሦስት እግርና በአንድ እንጨት እንዲህ ከሮጠች፣ አንተ በአራት እግርና በአንድ እንጨት እንዴት ልትሆን ነው?»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «አምስት ይሆንልኛል!»

«አምስት ነዋ! ከዚያ በኋላ ማን ያመልጥሃል? ለእኔ ጉበቷን ብትተውልኝ ይበቃኛል።»

በጉዞው ዋዜማ፣ ቀትር ላይ፣ አህዪት እንደ ልማዷ እግሩን ፈትታ አፈር ላይ ትንከባለል ጀመር። አያ ጅቦ ሌሎቹ አራዊት በቅርብ ስለነበሩ እሷን አልደፈረም፤ እግሩን ግን ላፍ አድርጎ ሮጠ። በማግስቱ ጠዋት ቀበሮ ደረቱ ላይ ጥብቅ አድርጎ አሰረለት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

የዚያን ዕለት አራዊቱ ግልገሎቻቸው በውኃ ጥም እንዳያልቁባቸው ብለው ዳገቱን ጀመሩት። ወንዙ ዳር የቀሩት አህዪትና ሌላ እግር ልትጠርብላት የተቻኮለችው ጦጢት ብቻ ነበሩ። አያ ጅቦ ከጉብታው ላይ አያቸውና ቁልቁል ተወረወረ። ትንሽ እንደሮጠ አምስተኛው እግር በሁለቱ የፊት እግሮቹ መሃል ገባ። አያ ጅቦ ተገለባበጠ፤ ገደል ገባ፤ የፊት እግሩም እንክትክት አለ። ቀበሮ ያን ሲያይ መንገድ እንዳለው ሁሉ ውልቅ ብሎ ሄደ።

ጩኸቱን ሰምተው አራዊቱ ተመለሱ። አያ ጅቦ እያቃሰተ፦

«እመት ጦጢት፣ ለእኔም እግር ሥሪልኝ! እዚህ ብቀር በውኃ ጥም መሞቴ ነው» አለ።

«ይሙት!» አለ ከርከሮ። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል።»

ጦጢት አጥንቱን ዳሰሰችው። ከእንግዲህ የሚቆም እግር አልነበረም።

«መሥራቱን እችላለሁ» አለች። «ግን እሱ የሚራመደው እናንተ መሃል ነው። ከሁሉ በፊት የሚነካት አህዪት ናት፤ እሷ ትናገር።»

አህዪት ወደ አያ ጅቦ ጠጋ ብላ አየችው። ጥርሱን ታውቀዋለች። ከደረቀ ወንዝ ዳር ብቻ የመቅረትን ፍርሃትም ታውቀዋለች። እስከ መጨረሻው ብትጠላው ማንም አይፈርድባትም ነበር።

«ሥሪለት» አለች በመጨረሻ። «ግን ውስጡን ቦርቡሪውና ጠጠር ጨምሪበት። ሲመጣ እንስማው።»

ጦጢት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ከሠራሁት ሁሉ ይህን ያህል ብልሃት ያለው የለም፤ እሱም ያንቺ ነው!»

አራዊቱ ተራራውን ተሻገሩ። አህዪት ከአያ ጅቦ ደረት የተፈታውን የራሷን እግር አስራ ከፊት፣ አያ ጅቦ ከኋላ ርቆ «ኳሽ፣ ኳሽ» እያለ። የሚዳቋ ግልገሎች ድምፁን በሰሙ ቁጥር ወደ እናታቸው ይሰበሰባሉ። አያ ጅቦም ከዚያ ወዲህ የሞተ እንጂ የቆመ አልበላም።

ከዚህ የምንማረው የጎደለን የሚሞላ ብልሃት ለሁሉም በረከት የሚሆነው፣ የሚጠቀምበትንም ከእሱ ጋር የሚኖረውንም ጠይቀው ሲሠሩት መሆኑን ነው።