አንጓች አራተኛ ክፍል እስክትገባ

እናንተ ስሙኝ፣ እኔ ልንገራችሁ። አንጓች የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ተከራይተውት የነበረውን ቤት ክረምቱ ካፈረሰባቸው ወዲህ ከእናቷ ጋር መናኸሪያው በረንዳ ላይ ነው የሚያድሩት። እናቷ በየቀኑ ለግንብ ሥራ ድንጋይ ትሸከማለች፤ አንድ ቀን ከቀረች ሌላ ሰው ይተካባታል። አንጓች የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አራተኛ ክፍል ገብታ መቀመጥ።

መስከረም ሲጠባ ብቻዋን ትምህርት ቤት ሄደች። መዝጋቢው አቶ ሽመክት አድራሻዋን ጠየቋት።

"በረንዳ ላይ ነን" አለች።

"በረንዳ አድራሻ አይሆንም። ከቀበሌ ደብዳቤ አምጪ።"

ቀበሌ ሄደች። ጸሐፊዋ፣ "የቤት ቁጥር ሳይኖር አልጽፍም። የድሮ አከራያችሁ ይፈርሙልሽ" አለቻት። አከራይዋ ካልፈረሙ ቀበሌ አይጽፍም፤ ቀበሌ ካልጻፈ አቶ ሽመክት አይመዘግቡም፤ እሳቸው ካልመዘገቡ አንጓች አትማርም።

አከራይዋ እትዬ ዘርትሁን ዘንድ ሄደች። "ለፈረሰ ቤት ፈርሜ ነገ ብጠየቅስ? የእድሩ ዳኛ ይመስክሩ" አሏት። ዳኛው ካልመሰከሩ እትዬ ዘርትሁን አይፈርሙም፤ እሳቸው ካልፈረሙ ቀበሌ አይጽፍም፤ ቀበሌ ካልጻፈ አቶ ሽመክት አይመዘግቡም፤ እሳቸው ካልመዘገቡ አንጓች አትማርም።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ውብሸት ዘንድ ሄደች። "እናትሽን አውቃታለሁ። አንቺ ልጇ መሆንሽን ግን በምን ልወቅ? የተማሪ መታወቂያ አሳዪኝ" አሏት።

ዞራ ዞራ ያው ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ደረሰች። መግባት ፈራች። አራተኛ ክፍል መስኮት ሥር ቆመች። ውስጥ ልጆቹ ሲያነቡ እሷም ውጪ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። በማግስቱም መጣች። በሦስተኛው ቀን መምህርት እመቤት ወጥታ፣ "ለምን አትገቢም፣ ልጄ?" አለቻት።

አንጓች ሳትተነፍስ ነገረቻት። "መታወቂያ ከሌለኝ ጋሽ ውብሸት አይመሰክሩም፤ እሳቸው ካልመሰከሩ እትዬ ዘርትሁን አይፈርሙም፤ እሳቸው ካልፈረሙ ቀበሌ አይጽፍም፤ ቀበሌ ካልጻፈ አቶ ሽመክት አይመዘግቡኝም፤ እሳቸው ካልመዘገቡኝ አልማርም።"

መምህርቷ እጇን ይዛ ወደ መዝጋቢው ወሰደቻት።

"አቶ ሽመክት፣ ቤት የሌለውም ልጅ የመማር መብት አለው። ዛሬ ትመዝገብ፣ ወረቀቱ ይደርሳል።"

"አድራሻው ላይ ምን ልበል?"

"መናኸሪያ በረንዳ ይበሉ። የምትኖረው እዚያ ነው።"

አቶ ሽመክት ልጅቷን አዩ። እንደ መጀመሪያው ቀን አላዩአትም። እስክሪብቶ አነሱ።

አቶ ሽመክት መዘገቡ፤ ሲመዘግቡ መታወቂያ ተሰጣት፤ መታወቂያውን አይተው ጋሽ ውብሸት መሰከሩ፤ እሳቸው ሲመሰክሩ እትዬ ዘርትሁን ፈረሙ፤ እሳቸው ሲፈርሙ ቀበሌ ጻፈ። ደብዳቤው ትምህርት ቤት ሲደርስ አንጓች ክፍል ከገባች ሳምንት ሆኗት ነበር።

በገባችበት ቀን የእረፍት ደወል ሲደወል ልጆቹ እየተጋፉ ወጡ። እሷ ዴስኳን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች።

"እረፍት ነው፣ አንጓች። ውጪና ተጫወቺ" አለች መምህርቷ።

"ከወጣሁ ተመልሼ እገባለሁ?"

"ትገቢያለሽ።"

አንጓች በሩ ድረስ ሄደች። ዞራ ቦታዋን አየችው። ከዚያ ወጣች።