ግራኙ ጠመንጃ ሲመርጥ

አንድ እንዳላማው የሚባል የቆላ ገበሬ ነበር። በቆሎው ሊደርስ ሲል ከገደሉ ሥር ከርከሮ እየወጣ ያጠፋበት ጀመር። ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ቢያባርርም ከርከሮዎቹ ለመዱትና መሸሹን ተዉት። የቤተሰቡ የዓመት ቀለብ ያ በቆሎ ብቻ ነበርና ጠመንጃ ሊገዛ ገበያ ወጣ።

ነጋዴው ሦስት ዓይነት አወጣለት። አንዱ ጥይቱን አንድ በአንድ በእጅ የሚያጎርሱት ረጅም ውጅግራ ነው። ሁለተኛው መዝጊያው በቀኝ በኩል የሚሳብ ምንሽር ነው። ሦስተኛው ከምላጩ ሥር ያለውን ብረት ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት ጥይት የሚያጎርስ አጭር ጠመንጃ ነው። እንዳላማው ሁሉንም ሞከረ፤ ሁሉም አልመች አሉት።

ምክር ፍለጋ ዞረ። አንድ አዳኝ፣ «ረጅሙን ያዝ፣ ከሩቅ ትጥላለህ» አለው። የቀበሌው ሚሊሻ፣ «ምንሽር ያልያዘ ደግሞ ወንድ ነው?» ብሎ ሳቀበት። አበልጁ በበኩላቸው፣ «አጭሩን ውሰድ ልጄ፣ ጥሻ ውስጥ አይያዝብህም» አሉት። ሁሉም እውነታቸውን ነው። ምስኪኑ እንዳላማው ግን የባሰ ዞረበት። ጠዋት ውጅግራ ያለው ሰውዬ ከሰዓት ምንሽር ይላል። ገበያ በወጣ ቁጥር አንዱን አንሥቶ ቀኝ ትከሻው ላይ ያስደግፍና መልሶ ያስቀምጠዋል።

ሚስቱ አንጓች ሰለቻት።

«አንተ ሰው፣ ለመሆኑ ወንጭፉን በየትኛው እጅህ ነው የምትወነጭፈው?»

«በግራዬ ነዋ!»

«ጠመንጃውንስ በየትኛው ትከሻህ ሞከርከው?»

እንዳላማው አንገቱን ደፋ። ልጅ ሳለ በግራ እጁ ሲቆርስ እናቱ እጁን እየመቱ አሳድገውታል። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ግራኝነቱን ይደብቃል። ገበያ መሃልም ያን ሁሉ ጠመንጃ በቀኙ የያዘው አፍሮ ነው።

በማግሥቱ ተመልሶ ሄደና በግራ ትከሻው ሞከረ። የምንሽሩም የውጅግራውም መዝጊያ በወዲያ በኩል ሆኖ አስቸገረው። ከሥሩ የሚሠራው አጭሩ ግን ለቀኝም ለግራም አያዳላም። እሱን ገዛ። መንገዱ ሩቅ ነውና አድሮ፣ በማግሥቱ እያቅራራ ወደ ቤቱ ወረደ።

ማሳው ጋ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ። እሱ ሲያማርጥ በየቀኑ በቆሎውን ሲቀንሱበት የከረሙት ከርከሮዎች የቀረውን ጨርሰው ሄደዋል። አገዳው ሁሉ ተጋድሟል። አንድ እሸት እንኳ አልተረፈም።

አንጓች ማማው ሥር ተቀምጣለች። ጠመንጃውን አየት አደረገችና፣ «ያምራል» አለችው። «ግን ምኑን ልትጠብቅበት ነው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።»

ወዳጆቼ፣ መካሪዎቹ አልዋሹትም። እሱ ነው የገዛ እጁን ደብቆ ምክር የጠየቀው። ራሱን የደበቀ ሰው ሺህ አዋቂ ቢመክረው ለሌላ ሰው የሚሆን ምክር ይዞ ይመለሳል። ከርከሮው ደግሞ እስኪወስን አይጠብቀውም።

እናንተስ? መምረጥ አቅቷችሁ የምትዞሩበት ነገር ካለ፣ ለመካሪዎቻችሁ ያልነገራችሁት ምንድን ነው?