ቡሊትና የቀበሮዋ አተላ

አንድ ጊዜ፣ በአንዲት ከተማ ጫፍ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለው ዳገት ላይ፣ አራት ራስ የአህያ ቤተሰብ ይኖር ነበር። እናትየዋ ቡሊት ትባላለች። ከንጋት ጀምራ ከገበያ ወደ ወፍጮ ቤት እህል፣ ከወፍጮ ቤት ወደ ገበያ ዱቄት ታመላልሳለች። ባልዋ ጫኔ ድንጋይ ይጭናል። ከተማው ፎቅ ይወዳል፤ ፎቅ ድንጋይ ይወዳል፤ ስለዚህ ጫኔ ዕረፍት የለውም። ትልቋ ልጃቸው ዳለቺት ከምንጭ ውሃ ታመጣለች። ትንሿ እንኮዬ ገና ጭነት አልጀመረችም። ሥራዋ ማደግ ነው።

ሥራ ሞልቷል። የጠፋው ራት ነው።

የሚበላ የለም ማለት አይደለም። ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ ሣሩ ጉልበት ደርሷል። ግን ሣር በእግሩ ቤት አይመጣም። ዳለቺት ቀድማ ከደረሰች ያገኘችውን ቆርጥማ ትተኛለች። ጫኔ በመንገዱ ላይ ከሰው አጥር የተንጠለጠለ ነገር ነክሶ ይገባል። ቡሊት ስትደርስ ጀርባዋ ይቃጠላል፣ ጆሮዋ ውስጥ የወፍጮው ሞተር ገና ይጮኻል፣ በሩ ላይ እንኮዬ ቆማለች።

«እማ፣ ምን እንበላለን?»

ቀኑን ሙሉ ስንት ኩንታል የተሸከመች አህያ ይህችን ጥያቄ መሸከም አቃታት።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እመት ቀበሮ ባልዲ በጥርሷ አንጠልጥላ መጣች። ባልዲውን አስቀመጠች። አፏን ጠራረገች።

«እንዴት አመሸሽ፣ እመት ቡሊት? ኧረ ምነው ከሳሽ!»

«ሥራ ነው።»

«ሥራማ ነው። ሳይሽ አንጀቴን ትበይዋለሽ። ይኸው፣ ለልጆቹ አተላ አመጣሁ።»

አተላ ከጠላ ጋን ሥር የሚቀረው ዝቃጭ ነው። ሆድ ይሞላል፣ ደም ያሞቃል፣ ያስተኛል።

«ከየት አመጣሽው?» አለች ቡሊት።

«ጠላ ቤቱ ጓሮ ይደፉታል። እኔ እንደሆነ አልወደውም። በየቀኑ በአሥር ሰዓት አምጥቼ አስቀምጥልሻለሁ። አንቺ ስትደርሺ ልጆቹ በልተው፣ ጠግበው፣ ተኝተው ታገኛቸዋለሽ።»

«ውለታሽን በምን እመልሰዋለሁ?»

«ጎረቤት አይደለንም እንዴ? አንድ ነገር ብቻ። የበሩን መወርወሪያ አትዝጊብኝ። ባልዲ በአፌ ይዤ አጥር መዝለል አልችልም።»

ቡሊት አሰበች። ማለት፣ ልታስብ ሞከረች። ደክሟት ነበር። መወርወሪያውን ከፈተችው።

*

የመጀመሪያው ሳምንት ደስ የሚል ነበር። ጥያቄው ጠፋ። ቤቱ ጸጥ አለ። ቡሊት ጸጥታው ጥጋብ መሰላት።

በሁለተኛው ሳምንት እንኮዬ ጠዋት ጠዋት መነሳት ተወች። በሦስተኛው ሆዷ ተነፋ፤ እግሯ ቀጠነ። ቡሊት ይህን አላየችም። እንዴት ታይ? ስትወጣ ልጅቷ ተኝታለች። ስትገባ ልጅቷ ተኝታለች። ልጅ ሲበላ ካላዩት መቼ ይታያል?

ከዚያ አንድ ሰኞ ሞተሩ ተበላሸ። የወፍጮ ቤቱ አለቃ በቅሎ ነው፤ ሠራተኞቹን ሁሉ «ነገ ኑ» ብሎ አሰናበተ። ቡሊት በአሥር ሰዓት ዳገቱን ወጣች። በቀን ብርሃን ቤቷን ካየች ቆይታለች።

ከቅንጭቡ አጥር ጀርባ ድምፅ ሰማች። ቆመች። አንዱ የቀበሮዋ ነው። ሌላው ወፍራም፣ ምራቅ የሞላበት። አያ ጅቦ።

«ዛሬ ልብላት» ይላል ጅቡ።

«አይሆንም አልኩህ።»

«ትንሽ ብቻ። አንድ ጆሮዋን።»

«ጆሮዋ ላይ እኮ ራሷም አለች፣ አያ ጅቦ። ትጮኻለች። በዚህ ብርሃን የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይወርድብሃል።»

«እሺ ሲመሽስ?»

«ሲመሽ ጫኔ ይገባል። የእርግጫውን ነገር ላንተ አልነግርህም። ስንት ጥርስህን ነበር ያወለቀልህ?»

ጅቡ ድዱን በምላሱ ዳሰሰ። «ሁለት» አለ። ደግሞ ዳሰሰ። «ሦስት።»

«ስለዚህ ጠብቅ። የመስቀል ዋዜማ፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት። ያን ዕለት ገበያው እስኪጨልም አይፈታም። እናትም አባትም የሉም። ልጅቷ ደግሞ እስከዚያ አተላ በአተላ ላይ እየጨመረች መቆም ያቅታታል። በሩ እንደሆነ ክፍት ነው።»

«ሦስት ሳምንት ስንት ራት ነው?»

«ሃያ አንድ።»

«ሃያ አንድ ራት ጾሜን?»

«ሌላ ነገር ብላ እንጂ!»

«ሌላ ነገርማ እበላለሁ። እኔ የምልሽ እሷን ከሌላው በተጨማሪ ነው።»

«ዝም ብለህ ጠብቅ። ኩላሊቷ የኔ ነው፤ እንዳትረሳ።»

«ኩላሊት የቱ ጋ ነው?»

የቡሊት የኋላ እግር ለእርግጫ ተነሳ። መልሳ አወረደችው። ዛሬ ብታባርራቸው የሚመጡበትን ሌላ ቀን አታውቅም። ይህን ቀን ግን አወቀች። ራቅ እስኪሉ ጠበቀችና ገባች።

እንኮዬ ባዶው ባልዲ አጠገብ ተጋድማለች። ሆዷ እንደ ከበሮ። እግሯ እንደ ሰንበሌጥ።

«ተነሺ እስቲ፣ እናቴ።»

ተነሳች። ሁለት ጊዜ ተራመደች። ተደናቀፈችና ቁጭ አለች።

«እማ፣ መሬቱ ይንቀሳቀሳል» አለች።

*

ጫኔ ሲገባ ቡሊት ሁሉንም ነገረችው። ጆሮው ቀጥ አለ።

«ያቺን ቀበሮ አሁን ሄጄ አንድ ጊዜ ብቻ...»

«ማን አስገባት? በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

«እሺ፣ በዋዜማው ዕለት ከሥራ እቀራለሁ።»

«በማግስቱስ? ልጅቷ መሮጫ እግር ከሌላት ስንት ቀን ልትቀር ነው?»

«አተላ እኮ ላምም ትጠጣዋለች!»

«ላም ሣሯን በልታ ነው የምትጠጣው። የኛ ልጅ አተላ በልታ አተላ ትጠጣለች።»

ጫኔ ጥቂት ዝም አለ። «ታዲያ ማን ያብላት? መቼ? እኔ ስገባ ጀርባዬ የኔ አይደለም።»

«የሚያደክመን መብላቱ አይደለም» አለች ቡሊት። «በዚህ ሰዓት ላይ ቆሞ ምን እንብላ ማለቱ ነው። እሱን በእሁድ እንጨርሰው።»

ከማግስቱ ጀምሮ በሩ ተዘጋ። ቀበሮዋ መጥታ መወርወሪያውን በአፍንጫዋ ገፋ ገፋ አደረገችው።

«ምነው ተዘጋ?»

«የሰው በግ እየገባ አስቸገረን» አለች ቡሊት፤ ለዚሁ ብላ ያን ቀን ዘግይታ ነበር የወጣችው። «ባልዲውን በሩ ላይ ተይልን። እግዜር ይስጥሽ።»

«ግን ይጠጡታል?»

«ጠብታ አይተርፍም።»

አልተረፈም። ዳለቺት በየቀኑ እየወሰደች ቦዩ ውስጥ ትደፋዋለች። ቦዩ አያስተርፍም።

እሁድ ጭነት የለም። አራቱም ወደ ወንዙ ወርደው ሰርዶውን በጥርሳቸው አጨዱ፤ ፀሐይ ላይ አሰጡት። ቡሊት ሳምንቱን ከፋፈለችው። የሳምንቱ መጀመሪያ ላይ ሰርዶ። ረቡዕ የወፍጮ ቤቱ ወለል ይጠረጋል፤ የሚወጣውን ፉርሽካ እሷ ትይዛለች፣ ከጭድ ጋር ይበላል። ቅዳሜ ገበያተኛው የሚጥለውን የጎመን ቅጠልና የካሮት ጫፍ ጫኔ ያመጣል። ውሃው የዳለቺት ነው። ጥግ ላይ ደግሞ ማንም የማይነካው አንድ ክምር ድርቆሽ ይቀመጣል፤ ያሰቡት ያልሆነ ዕለት የሚበላ።

«እኔስ?» አለች እንኮዬ እያዛጋች።

«አራት ቦታ አራት ክምር ታስቀምጫለሽ።»

«እንቅልፌ ነው እኮ።»

«ስታስቀምጪ ይለቅሻል።»

ሰዓቱ? የወፍጮው ሞተር ሲቆም። ከዳገቱ ላይ ለሁሉም ይሰማል። አራቱ ሳይሟሉ ማንም አይጀምርም።

ነገሩ በአንድ ጊዜ አልሰመረም። እንኮዬ ሁለት ቀን «አተላዬን» እያለች አለቀሰች። ዳለቺት ጎመኑን አሽትታ «ይሄ ደግሞ ራት ነው?» አለች፤ በልታ ጨረሰችው ግን። አንድ ረቡዕ ዝናብ ፉርሽካውን አበሰበሰው፤ የጥጉ ክምር ተበላ። አንድ ሐሙስ ጫኔ ከጓደኞቹ ጋር ወሬ ይዞት አመሸ። ሲደርስ ሦስቱ ክምራቸው ፊት ቆመው አንዲት ሰበዝ ሳይነኩ ይጠብቁታል። ማንም አልተናገረውም። ከዚያ ወዲያ አላመሸም።

ቡሊትም ማየት ጀመረች። ዳለቺት ውሃ የምትጭንበት ገመድ ትከሻዋን እንዳቆሰላት አየች። ጫኔ በአንድ ወገን ብቻ እንደሚያኝክ አየች። የእንኮዬ ሆድ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲገባ፣ ቁርጭምጭሚቷ ሲጠነክር አየች። ሁሉንም ያየችው ራት ላይ ነው።

*

የመስቀል ዋዜማ ደረሰ። ባልና ሚስት ጠዋት ሲለያዩ በራት ሰዓት ቤት ሊገናኙ ተማማሉ።

ገበያው ጉንዳን ሆኗል። ቡሊት ሰባተኛ ዙሯን ጨርሳ ሞተሩ እስኪቆም ጠበቀች። አልቆመም። ስምንተኛውን ጫኑባት። አልቆመም። ቀና ስትል ፀሐይዋ ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ በታች ወርዳለች። ያኔ ገባት። ዛሬ ሞተሩ አይቆምም። ወደ አለቃው ሄደች።

«ጌታው፣ ልሂድ።»

«ወዴት?» አለ በቅሎ።

«ራት ደርሷል።»

በቅሎ ሳቀ። «በዋዜማ? የዛሬውን ነገ ብይው!»

«ነገ የነገው አለ።»

«ስሚ፣ ይህን ጭነት ጥለሽ ከሄድሽ ቦታሽ ላይ ሌላ ነው የምተካው።»

ቡሊት ቦታዋን ታውቃለች። አምስት ዓመት ቆማበታለች። ጎንበስ አለች፤ ኩንታሉን ቀስ አድርጋ መሬት አስነካችው።

«ይተካ» አለች።

በድንጋዩ ሜዳ በኩል ስታልፍ አንድ ጊዜ አናፋች። ጫኔ ሰማ። ከዚያ በኋላ አልተራመደችም፤ ሮጠች።

ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ በሩ ታያት። ጅቡ ጭንቅላቱን ባልዲው ውስጥ ከቶ ይልሳል። ቀበሮዋ ከቅንጭቡ ሥር ሆና ታንሾካሹካለች።

«አንተ! ላንተ አይደለም እኮ! ልጅቷ ውስጥ ናት!»

«ይጣፍጣል!»

«ኋላ ትሰክራለህ!»

«ሃያ አንድ ራት ጠብቄያለሁ። ይህን ልጨርስና እገባለሁ።»

ጨረሰ። ባልዲውን ገልብጦ ሥሩንም ላሰ። በሩን ገፋው፤ ዝግ ነው። ወደ ኋላ ተንደርድሮ አጥሩ ላይ ወደቀ። አጥሩ ከነጅቡ ወደ ውስጥ ገባ።

እንኮዬ አራተኛውን ክምር እያስቀመጠች ነበር። አየችው። ቡሊት ከታች ሆና ለመጮህ አፏን ከፈተች፤ ትንፋሽ አጠራት።

እንኮዬ ሮጠች።

ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረች። ጅቡ ተከተላት፤ የፊት እግሩ ወደ ቀኝ፣ የኋላው ወደ ግራ። ሁለተኛ ዞረች። ጅቡ ከግንዱ ጋር ተጋጭቶ «ይቅርታ» አለው። በሦስተኛው በተሰበረው አጥር ወጥታ ቁልቁል ወደ እናቷ ተወረወረች። ቡሊት ልጇ ስትሮጥ አይታ አታውቅም ነበር። አሸዋ የሚረጭ ኮቴ። ወደ ኋላ የተኛ ጆሮ። ጅቡ እየተንከባለለ መጣ። ቡሊት ዞረች፤ ከድንጋዩ ሜዳ የደረሰው ጫኔም ጎኗ ቆሞ ዞረ። አራት የኋላ እግር አንድ ላይ ተነሳ።

ጅቡ ከዚያ በኋላ ጥርሱን ለመቁጠር ብዙ አልደከመም። ጥቂት ነበሩ። ቀበሮዋን ዳለቺት ከምንጭ ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘቻት። «ምነው እመት ቀበሮ፣ ባልዲሽን ረሳሽ!» አለቻት። ቀበሮዋ መልስ ለመስጠት አልቆመችም።

አራቱ ክምራቸው ፊት ቆሙ። ጫኔ ገና ያለከልካል። ማንም ብዙ አልተናገረም። በሉ።

ከበዓሉ በኋላ ቡሊት ወፍጮ ቤት ስትሄድ እውነትም ሌላ ቆሞ አገኘች። ሌላ ወፍጮ ቤት እስክታገኝ ዘጠኝ ቀን ፈጀባት። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት የጥጉ ክምር እጅግ አነሰ። ራቱ ግን አንድም ቀን አልተዘለለም፤ ክምሩን እንደገና የሞላችውም የመጀመሪያ ጭነቷን ከወንዙ ይዛ ዳገቱን የወጣችው እንኮዬ ነበረች።

ከዚህ የምንማረው፣ ሥራ የበዛበት ቤት ራቱን ራሱ አስቀድሞ ካላሰበ የሚያስብለት ሌላ እንደማይጠፋ፣ ያ ሌላ የሚያስበው ግን ስለ ገዛ ራሱ ራት መሆኑን ነው።