ርዕሰ መምህሩና ደወል መቺዋ ሶልያና

ወይ ሆዴን! ቆዩ፣ ሳቄን ልጨርስና ልንገራችሁ። ዋናው ከኋላ ነውና ሳትሰሙ እንዳትሄዱብኝ።

አንድ ርዕሰ መምህር ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ንግግር ከጀመሩ ግን ማቆሚያ የላቸውም። የትምህርት ቤታቸው ደወል ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመቱት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።

አንደኛ ክፍል ሶልያና የምትባል ኦቲዝም ያለባት ልጅ ገባች። ቸርኬው ጓ! ባለ ቁጥር ጆሮዋን ይዛ እየጮኸች ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። ያውም በቀን ስድስት ጊዜ! ርዕሰ መምህሩ ሲሰለቻቸው እናትየዋን ጠሩ።

"እህቴ፣ ልጅሽ ክፍሉን በጠበጠችው። ሌላ ቦታ ፈልጊላት።"

ሌላ ቦታ ከየት ታምጣ? ሦስት ትምህርት ቤት ከደጅ መልሷታል። ዕንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

አስተማሪዋ ወለላ ግን "አንድ ሳምንት ይስጡኝ" አለች።

"ምን ልታደርጊ? ቸርኬውን ጥጥ ልታለብሺው ነው?"

"የለም፣ ድንገት ሲሆንባት ነው የምትደነግጠው። መቼ እንደሚመታ ትወቅ።"

የእጅ ሰዓቷን ፈትታ ለሶልያና አሰረችላት፤ ደወሉ የሚመታበትን ሰዓት አሳይታም መምቻውን ብረት ሰጠቻት። የመጀመሪያው ቀን ልጅቷ አንድ ጆሮዋን ይዛ ቀስ ብላ ነካ አደረገችው። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴኮንድ አታዛንፍም! ሻይ ቤት ተጎልተው የሚያረፍዱት አስተማሪዎች ጉድ ፈላባቸው።

ዓርብ የወላጆች ስብሰባ ሆነ። ርዕሰ መምህሩ ስለ ሶልያና የወሰኑትን ከንግግራቸው በኋላ ሊናገሩ ነው። "አስር ደቂቃ ብቻ ነው የምወስደው" ብለው ጀመሩ። ያንን አስር ደቂቃ የሚያውቅ ወላጅ ሁሉ በረጅሙ ተነፈሰ። ገና የአጥሩን ታሪክ ሳይጨርሱ ከዛፉ ሥር ጓ! ጓ! ጓ! ሰው እያጨበጨበ ተነሳ።

ርዕሰ መምህሩ ወረቀታቸውን እንደያዙ ሮጡ። "ማነው ደውይ ያለሽ?"

ሶልያና ሰዓቷን አሳየቻቸው። "እርስዎ። አስር ደቂቃ ብለዋል። ሞላ።"

አንድ ሽማግሌ "ተባረኪ ልጄ! እስከዛሬ የት ነበርሽ?" ሲሉ ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ርዕሰ መምህሩ ለመቆጣት አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ሆነ።

አያችሁ፣ ለልጅቷ ያስፈለጋት ሌላ ትምህርት ቤት ሳይሆን፣ ምን እንዳስደነገጣት የሚጠይቅ አንድ ሰው ነበር። እናንተ ሰፈርስ "በጥባጭ" የተባለውን ልጅ ምን እንደሚያስጮኸው የጠየቀው አለ?

እናትየዋ ጥግ ይዛ ውሳኔውን ስትጠብቅ፣ ርዕሰ መምህሩ የሳቅ ዕንባቸውን እየጠረጉ እንዲህ አሏት፦

"አደራ፣ ሰኞ እንዳታረፍዱ። ቸርኬውን ማን ይመታልኛል?"